የእታለም አገር

ዕጣው የተጣለው ባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ነበር። የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ስድስት ቁራጭ ወረቀት አጣጥፋ ጨመረችና ካርቶኑን እየናጠች፣ "እያንዳንዳችሁ አንድ አገር ታወጣላችሁ" አለች። "ሁለት ሳምንት ክፍላችሁ ያ አገር ይሆናል። ቁጭ አድርጋችሁ እንድትሰብኩ አልፈልግም። ልጆቹ በእጃቸው ይንኩት፣ ይሥሩት፣ ይልበሱት። በመጨረሻው ዓርብ ወላጆች መጥተው ያያሉ።"

የአምስት ዓመቶቹ መምህርት እጇን ሰደደች። ወረቀቱን ገልጣ ደጋግማ አየችው።

"ምነው? ከባድ ነው እንዴ?" አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ባልደረባዋ።

"አይ። ቀዝቃዛ አገር ነው" አለች፤ ወረቀቱንም አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ታላቅ እህቷ የምትኖረው እዚያ አገር ነው። ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከተኳረፉ ደግሞ አራት ዓመት።

እናታቸው የሞተችው መምህርቷ ጡት ከተወች ብዙም ሳይቆይ ነው። ጸጉሯን እያበጠረች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ ትምህርት ቤት እያደረሰች ያሳደገቻት በዘጠኝ ዓመት የምትበልጣት እህቷ ነች። እታለም ትላታለች፤ ሌላ ስም ያላትም አይመስላትም ነበር። እታለም ሰው አገር ሄዳ አሮጊት ማስታመም ስትጀምር፣ ቤት የቀሩት መምህርቷና አባታቸው ሁለቱ ነበሩ። አባታቸው የሞተ ቀን ደወለችላት። እታለም ግን፣ "የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም፤ መምጣት አልችልም" አለች።

"አባት ያጣሽው ዛሬ ነው" አለቻት መምህርቷ። "እህትም ያጣሽው ዛሬ መሆኑን እወቂው።" ስልኩንም ዘጋች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። መጀመሪያ ላይ እታለም አልፎ አልፎ "ደህና ነሽ?" የሚል መልእክት ትልክ ነበር፤ እሷም "ደህና" ብላ ትመልሳለች። ቆይቶ ያም ቀረ። ቁጣው ከበረደ ሰንብቷል፤ የቀረው ናፍቆት ነው፤ እሱን ደግሞ ከየት ጀምራ እንደምትነግራት አታውቅም።

ሥራው ግን ሥራ ነው። ሰኞ ጠዋት ከረዳቷ ጋር ክፍሉን ወደዚያ አገር ለወጡት። ረዳቷ ሦስት ልጆች ያሳደጉ፣ ልጅ ሲያለቅስ በድምፁ ብቻ ራበው ወይስ አመመው ብለው የሚለዩ ሴት ናቸው። ወለሉ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ዘረጉና ባሕር አደረጉት። በካርቶን ጣሪያቸው ቀይ የሆኑ ጠባብ ቤቶች ሠሩ። መስኮቱ ላይ ጥጥ ለጠፉ። ልጆቹ በየቤታቸው ከአባቶቻቸው ካልሲ አንዳንድ ጥንድ ይዘው እንዲመጡ ተነግሯቸው ነበርና፣ ካልሲውን እጃቸው ላይ አጥልቀው ጓንት ነው ተባሉ።

"አሁን በጓንታችሁ ቁልፋችሁን ቆልፉ" አለቻቸው መምህርቷ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ በጥርሱ ሞከረ። አንዷ፣ "ሚስ፣ የአባዬ ካልሲ ይሸታል!" ብላ አስጮኸቻቸው።

"እዚያ አገር ያሉ ልጆች በየቀኑ እንዲህ ነው የሚለብሱት" አለች መምህርቷ።

ማክሰኞ በረዶ አመጡ። ረዳቷ ከቤታቸው ማቀዝቀዣ በሳህን ያረጉት ነው፤ በመሃሉ ትንንሽ የፕላስቲክ እንስሳት ነበሩበት። ልጆቹ በመዳፋቸው እያሞቁ፣ እየተነፈሱበት፣ እጃቸው ሲደነዝዝ ብብታቸው ውስጥ እየደበቁ እንስሳቱን ነፃ አወጡ። ያን ጊዜ ነው አንዲት ልጅ ከበረዶው ያወጣቻትን ድመት ከፍ አድርጋ የጠየቀችው። ጥያቄ ስለምታበዛ እቤቷም እትምህርት ቤትም ለምንዬ ይሏታል።

"ሚስ፣ እዚያ አገር ድመት ሲጠሩ ምን ይላሉ?"

"እንዴት?"

"እኛ ውሮ ውሮ እንላለን አይደል? እነሱስ? ውሮ ብንላት ትሰማናለች?"

መምህርቷ መጽሐፍ አገላብጣ ነበር። የባንዲራውን ቀለም፣ የዛፎቹን ዓይነት፣ ልጆቹ የሚጫወቱትን ጨዋታ አጥንታለች። ይህን ግን የጻፈ አላገኘችም።

"አላውቅም" አለች።

"ታዲያ የሚያውቅ ሰው ጠይቂያ!"

ረዳቷ ቀና ብለው አዩዋት። የእህቷን ነገር ያውቃሉ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የቀለም ብሩሾቹን አብረው ሲያጥቡ፣ "ልጅቷ መንገዱን አሳየችሽ" አሏት።

"እትዬ፣ አራት ዓመት ዘግቼ አሁን ስለ ድመት ልጠይቃት?"

"ታዲያ በምን ልትጀምሪ ነበር? በይቅርታ? ይቅርታማ ከባድ ነው፤ ለሁለት ነው የሚነሳው። ድመት ቀላል ነው።"

የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ቀድታ ሦስት ጊዜ አጠፋችው። በአራተኛው ዓይኗን ጨፍና ላከችው። "እታለም፣ እኔ ነኝ። የክፍሌ ልጆች እዚያ አገር ድመት ሲጠሩ ምን እንደሚሉ ጠየቁኝ። ካወቅሽ ንገሪኝ።" ደህና ነሽ ወይ እንኳን አላለችም። በር አንኳኩቶ እንደሮጠ ሕፃን ፊቷ በእፍረት ጋለ።

መልስ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ዕቃ ቤት ገብታ፣ በተደራረቡ ፍራሾች መሃል ቆማ ሰማችው።

"ሚጡ" አለ የእታለም ድምፅ። በዚህ ስም የሚጠራት ሰው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታል። "ድምፅሽ ጎርንኗል። ትልቅ ሰው ሆነሽ የለ እንዴ… አላውቅም እኮ። አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ድመት ምን እንደሚሏት አላውቅም። እኔ እዚህ አገር የማውቀው አንዲት አሮጊት፣ አንድ መድኃኒት ቤትና አንድ አውቶቡስ ነው። ግን ከደረጃው በታች አንዲት ድመት አለች፤ የጎረቤት ነች። ባለቤቷን ልጠይቅ ትናንት ወርጄ ነበር፤ አጣኋት። ዛሬም እወርዳለሁ። ለልጆቹ ንገሪያቸው፤ ይጠብቁኝ።"

በማግስቱ የመጣው መልእክት ውስጥ የሁለት ሴቶች ሳቅ ነበር። ከዚያ አንዲት የማታውቃት ሴት፣ ከንፈሯን አሹላ በቀጭን ድምፅ ድመቷን ስትጠራ ተሰማች። ሃያ ሦስት ሕፃናት ከንፈራቸውን አሹለው ተከተሏት። ቀኑን ሙሉ በዚያ ቋንቋ ድመት ሲጠሩ ዋሉ፤ ረዳቷም፣ "አሁን የዓለም ድመት ሁሉ እዚህ ቢከማች ወተቱን ማን ሊችል ነው?" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ጎረፈ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ተሰልፈው ስልኩ ላይ ይጠይቃሉ፤ ጠዋት መልሱ ይመጣል። ሰው ሲያነጥሰው ምን ይባላል? ጥርስ ሲወልቅ የት ይጣላል? እዚያ አገር ልጅ ሲወድቅ እናቱ ምን ትለዋለች? እታለም ልትጠይቅ ወጣች። ዳቦ ጋጋሪውን ጠየቀች። መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እናቶቹን ሰማች። አንዲት ትንሽ ልጅ የወረቀት ጀልባ አስተጣጠፍ አስተማረቻት፤ ልጆቹም በዚያ አጣጥፈው በላስቲኩ ባሕር ላይ ሃያ ሦስት ጀልባ አሰለፉ።

አንድ ቀን በረዶ ላይ ስትራመድ የጫማዋን ድምፅ ቀድታ ላከች። ምንም ቃል አልነበረበትም፤ ክርች፣ ክርች፣ ክርች ብቻ። መምህርቷ ስታርች የሚባለውን ነጭ ዱቄት በላስቲክ ከረጢቶች ሞልታ አጥብቃ አሰረችና ልጆቹ በየተራ እንዲጫኑት ሰጠቻቸው። ድምፁ ቁርጥ ያው ነው። ልጆቹ ከእታለም እርምጃ ጋር እኩል እየጨመቁ አብረዋት ሄዱ። መምህርቷም አንዱን ከረጢት ወስዳ ጥግ ላይ ተቀመጠችና ጨመቀች። እህቷ ትንሽ ትንከረፈፋለች፤ ያኔም ትምህርት ቤት ስታደርሳት የቀኝ እግሯን ጎተት ታደርግ ነበር። አሁንም ትጎትታለች።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ የልጆቹ መልስ ካለቀ በኋላ ሌላ መልእክት ተከተለ። "ይሄን ለልጆቹ አታሰሚ" ይላል መነሻው።

"አባባ የሞተ ጊዜ ወረቀቴ አላለቀም ያልኩሽ ውሸት ነው። አልቆ ነበር። ሻንጣዬን ዘግቻለሁ፤ ካፖርቴን ለብሻለሁ። በሩ ጋ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና መነሳት አቃተኝ። ካልሄድኩ ያልሞተ መሰለኝ፣ ሚጡ። እዚያ ስደርስ ነው የሚሞተው። ይኸው እስከ ዛሬ ለእኔ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ መንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ ይመስለኛል። አንቺን ብቻሽን ማስቀበሬን አውቃለሁ። አውቃለሁ።"

መምህርቷ ልጆቹ የሚቀመጡባት ትንሽ ወንበር ላይ ነበረች፤ ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደርሷል። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። አራት ዓመት ሙሉ በማይረባ ወረቀት ስታሳብብ! ሁለት ቀን የልጆቹን ጥያቄ ብቻ ላከች፤ ከራሷ አንድ ቃል አልጨመረችም። እታለምም ስለ ጉዳዩ አላነሳችም፤ የልጆቹን ጥያቄ ግን በሰዓቱ መለሰች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀልባዎቹን ስታስተካክል ስልኩን አነሳች። "እታለም፣ እኔም እኮ የአባባን ጫማ ሦስት ወር ከበር ላይ አላነሳሁትም" አለች። ትንፋሽ ወሰደች። "ያን ቀን ያልኩሽን ጣይው፤ አትያዥብኝ። ነገ ወላጆች ይመጣሉ። ልጆቹ ሊያሳዩሽ ይፈልጋሉ። እኔም ልይሽ።"

ዓርብ ጠዋት ክፍሉ ሞላ። አባቶች ባሕሩን እንዳይረግጡ በግድግዳው በኩል ይሄዳሉ። አንዱ አባት የራሱን ካልሲ በልጁ እጅ ላይ ለይቶ፣ "ስፈልገው የከረምኩት!" አለ። ዳይሬክተሯ ስታርቹን ጨምቃ እንደ ሕፃን ደግማ ጨመቀችው። ሦስት ሰዓት ሲሆን መምህርቷ በቪዲዮ ደወለች፤ የእታለም ፊት ብቅ አለ።

ከስታለች። ግንባሯ ላይ ጸጉሯ ሸብቷል። እህትማማቾቹ ተያዩና ሁለቱም መጀመሪያ ሌላዋ ትናገር ብለው ጠበቁ። ልጆቹ ቀደሟቸው።

"ይሄ ያንቺ አገር ነው!" ብለው ጮኹ። ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ቤቱን፣ ጥጡን፣ ጀልባውን አሳዩዋት።

"ይመስላል?" አለች ለምንዬ።

"ከእውነተኛው ይሞቃል" አለች እታለም። "እኔም እኮ ያየሁት ከእናንተ ጋር ነው።"

ወላጆቹ መበተን ሲጀምሩ መምህርቷ ስልኩን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አለች።

"ሚጡ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ" አለች እታለም። "መንገዱን አሳዪኝ።"

"የቱን መንገድ?"

"ከመስኮትሽ ውጭ ያለውን፤ የሰፈራችንን።"

"ምንም የለም እኮ።"

"የሌለውን አሳዪኝ።"

መምህርቷ ጥጡን ገለል አድርጋ መስኮቱን ከፈተችና ስልኩን እንደያዘች ክንዷን አወጣች። ታች አንድ ሰው ጋሪ ይገፋል። ጫማ ሰፊው ከጥላው ሥር ክር በሰም ያሻል። ሁለት ሴቶች ዘምቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ያወራሉ።

"የመንገዱ ዳር ግንብ ቀለሙስ?"

"የድሮው ተላጠ። አሁን አረንጓዴ ነው።"

"ጥጉስ? አባባ የሚጠብቀን ጥግ?"

መምህርቷ ስልኩን ወደ ግራ አዞረች። "ይኸው። አሁን አትክልት ይሸጥበታል።"

መምህርቷ ስልኩን ወደ ራሷ ልትመልሰው ስትል፣ "አታንቀሳቅሺው" አለች እህቷ። "እባክሽ። እንደያዝሽው።"

ከጀርባዋ ረዳቷ ቀይ ጣሪያዎቹን እየነቀሉ ይደራርባሉ። የባሕሩ ላስቲክ ሲጠቀለል ይሰማል።

"መቼ ነው የምትመጪው?" አለች መምህርቷ ወደ መንገዱ እያየች።

"አሮጊቷ ብቻዋን ነች። እሷን ትቼ…" አለችና ተወችው። "አላውቅም፣ ሚጡ። አሁን ግን በሩ ጋ አልቀመጥም።"

አትክልት ሻጩ ቲማቲሞቹን በጨርቅ እየወለወለ በአንድ በኩል ደረደራቸው።

"እጅሽ ደከመ?" አለች እታለም።

"አልደከመም" አለች መምህርቷ፤ በሌላ እጇም ክንዷን ደገፈች።