የደመቀ ገጣባ

ደመቀ ከሥራ ተመልሶ የግቢውን በር ሲከፍት ሚስቱ ፋናዬ የካኪ ሱሪውን ገልብጣ በሁለት እጇ ዘርግታ ቆማለች። መቀመጫው ላይ ደም ደርቋል። ክው አለ። ሁለት ወር ሙሉ ራሱ እያጠበ የደበቀውን ሱሪ ዛሬ አልጋው ሥር ረስቶት ወጥቶ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለችው። ሱሪውን ወደ ፊቱ አስጠጋችው።

«ተይው፤ ምንም አይደለም።»

«ደም ምንም አይደለም? ይንገሩኝ እንጂ! በመድኃኔዓለም!»

ደመቀ አሰላ ውስጥ የፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት በበቅሎ ሲመላለስ ኖሮ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት በቅሎዋ ገደል ገብታ ስትሞት በምትኳ አንድ አሮጌ ብስክሌት ተሰጠው። ጎረቤቱ ሁሉ ቀናበት፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ ነዳው። ውሎ አድሮ ግን ወደ ሳጉሬ ችሎት የሚወስደው የፒስታ መንገድ ጠጠር ጉዱን አሳየው። መጀመሪያ አቃጠለው፣ ቀጥሎ አቆሰለው፣ ሲብስ ደግሞ ከወገቡ በታች ጭራሽ ይደነዝዘው ጀመር። ከሚስቱ ጎን ሲጋደም እንኳ ገላው የሌላ ሰው መሰለው። ይህን ለማን ይናገራል? ክፉ በሽታ ይዞኛል ብሎ ቆረጠ። ለነፍስ አባቱ ተናዘዘ፤ የሚቀበርበትንም ቦታ በልቡ መረጠ።

ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይህን ሁሉ ነገራት። ፋናዬ እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችው። ከዚያ ቤት አስገብታው በሩን ቀርቅራ «ያሳዩኝ» አለች።

«አብደሻል?»

«ያሳዩኝ ብያለሁ!»

በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ጎንበስ ብላ ግራውን ከቀኙ አስተያየች። ደመቀ የሞቱን ፍርድ ሊሰማ ተዘጋጀ።

«አንቱ ሰውዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ገጣባ ሆነዋል!»

«ምን አልሽ?»

«ገጣባ! ኮርቻ ነው የበላዎት!»

ፋናዬ የኮርቻ ሠሪው የገብረ መድህን ልጅ ናት፤ ጀርባቸው የተላጠ በቅሎዎች አባቷ ደጅ ሲደረደሩ እያየች ነው ያደገችው። «ቁስሉ ግራና ቀኝ እኩል ነው። በሽታ እንዲህ ለክቶ አይመታም። መሐል ያለው ደግሞ የሱሪው ስፌቶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። የታል ብስክሌቱ?»

ደመቀ አልጋው ጠርዝ ላይ ሊቀመጥ ሲል አመመውና ተነሣ። ኑዛዜው፣ መቃብሩ፣ ያ ሁሉ ጭንቅ ለኮርቻ ነበር?

በማግስቱ እየጎተተች ሀሰኖ ዘንድ ወሰደችው። ሀሰኖ ገበያው ዳር የፈረስ ኮርቻ የሚሠሩ፣ ከአባቷ ጋር የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ብስክሌቱን እንደታመመ ፈረስ ዞሩት። የኮርቻው ቆዳ ተሰንጥቆ ሽቦው ወጥቷል፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ያያል።

«የሠራው ሰው፣ ሰው ይጠላል እንዴ?» አሉ።

«የፈረንጅ አገር ሥራ ነው፣ ጋሽ ሀሰኖ» አለ ደመቀ።

«ስማ ልጄ፤ ኮርቻ የሚለካው በፈረሱ ነው። ይኼ ፈርዳ፣ ይኼ ፈረስህ ግን ብረት ነው፤ ብረት አይቆስልም። የምትቆስለው አንተ ነህ፤ ስለዚህ የምለካው አንተን ነው።» እርጥብ ጭቃ ሳንቃ ላይ ደልድለው «ቁጭ በል» አሉት።

«እዚህ? ሰው እያየኝ?»

«ቁጭ በል!»

ተቀመጠ። ሲነሣ ጭቃው ላይ ሁለት ጉድጓዶች ቀሩ። ሀሰኖ በጣታቸው ለኩና ወደ ብስክሌቱ ዞሩ፤ እንደገና ለኩ። «ወላሂ፣ የመቀመጫ አጥንትህ እኮ ከኮርቻው ውጪ ነው! በሥጋህ ብቻ ነው ተቀምጠህ የከረምከው።»

ደመቀ በጭቃው ላይ ዓይኑ ፈዝዞ ቀረ። አርባ ዓመት ሲኖር በምኑ እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር።

ቁስሉ እስኪጠግግ ሁለት ሳምንት በእግሩ ሠራ። በዚህ መሐል ሀሰኖ ከኋላ ሰፋ ያለ፣ መሐሉ ላይ ቦይ የወጣለት የበሬ ቆዳ ኮርቻ ሠርተው አፍንጫውን አስተካክለው አሰሩለት። ፋናዬም ቁምጣ ሰፋች፤ መሐሉ ላይ ስፌት የለውም፣ ከውስጥ ለስላሳ የለፋ የበግ ቆዳ ገብቶበታል።

«የመንግሥት ሰው በቁምጣ?» አለ ደመቀ። «ጭኔን ገልጬ?»

«መንገድ ላይ ብቻ ነው። ሱሪዎ ቦርሳው ውስጥ ነው፤ ሳጉሬ ሲደርሱ ይለብሳሉ።»

ከአሰላ ወጥቶ የመጀመሪያው ጠጠር ላይ ሲደርስ እንደልማዱ ጥርሱን ነከሰ። ምንም የለም። ጉድጓድ መጣ፤ ምንም። ደነገጠና ወርዶ ኮርቻውን ዳሰሰ፣ ራሱን ዳሰሰ፣ ተመልሶ ወጣ። በግራው የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሷል፣ በቀኙ ገብሱ ያሸበሽባል። ሁለት ወር ከጠጠር በቀር ያየው ነገር አልነበረም። ጮክ ብሎ ሳቀ፤ የራሱ ሳቅ አስደነገጠው። ሳጉሬ እንዴት እንደደረሰ አላወቀም።

መጥሪያውን ይዞ የሳጉሬው ችሎት ሲገባ ጠበቃው ንግግሩን ቆረጠ። አንዲት ባልቴት በነጠላዋ ዓይኗን ሸፈነች። ደመቀ ከኋላዬ ማን መጣ ብሎ ዞረ፤ ማንም የለም። ቁልቁል ሲያይ ሁለት ባዶ ጉልበቶች አየ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አቶ ደመቀ!» አሉ ዳኛው። «ይኼ ችሎት ነው ወይስ የእርሻ ማሳ?»

«ጌታዬ፣ ስላላመመኝ ረስቼው ነው!»

«ምን ስላላመመህ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ግን አፉ ከልቡ ቀደመና ቁስሉን፣ ድንዛዜውን፣ ኑዛዜውን፣ የጭቃውን ልኬት ሁሉ ሰው ፊት ዘረገፈው። ማንም አልሳቀም። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሱሪህን ለብሰህ ተመለስ» አሉት ቀስ ብለው፤ ለጸሐፊው ደግሞ «ይኼ አይጻፍ» አሉ።

ቤቱ ገብቶ ሲነግራት ፋናዬ ያንጠለጠለችውን ጣሳ መሬት ጣለችው።

«ችሎት ፊት? ቁስሉን ሳይቀር?»

«ሳይቀር።»

«የኔን ስም ግን አልጠሩም፣ አይደል?»

«ጠራሁ። እኔ ለሞት ስዘጋጅ አንዴ አይታ ያዳነችኝ ሚስቴ ፋናዬ ገብረ መድህን ናት አልኩ።»

ፋናዬ ጣሳውን ልታነሣ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ዐሥራ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ ሰው ፊት «የቤት ሰው» ይላት ነበር እንጂ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። «ያ ሁሉ ሰው ሰማ?» አለች።

«ሁሉም ሰምቷል።»

ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን የቁጣ ነበር። «አንድ ቁምጣ እንዴት ይበቃል? ይኼ ሲታጠብ በምን ሊሄዱ ነው? ይነሡ፣ ልለካዎት።»