ማዳም «ቆንጆ ነው» ያለች ቀን

ማዳም በሰው ሀብት አትቀናም፤ ሀብትማ እሷም አላነሳትም። በሰው ቁመና ወይም በሰው ባል ስትቀናም ታይታ አትታወቅም። እሷን የሚያቃጥላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላ ሰው የሠራውን ጌጥ ሰው አንገት ላይ ማየት። ግብዣ ላይ እጅ ስትጨብጥ ዓይኗ ከሰዉ ፊት ቀድሞ ጆሮና አንገት ላይ ያርፋል። የራሷን ሥራ ካየች ከልቧ ትስቃለች። የሌላ ሰው ከሆነ ግን የሚስቀው ጥርሷ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለችው ሴት እንግዲህ አንድ ልጇን ልትድር ነው።

ለሠርጉ የሚሆነውን የአንገት ሐብል ልጅቷ ገና እጮኛ ሳይኖራት ጀምራዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ንድፉን ስንቴ ሥላ ስንቴ ቀድዳዋለች። የተሰበረ ጉትቻ እየጠገነች ከጀመረችበት ጠባብ ክፍል ተነስታ፣ ዘበኛ በሩን የሚከፍትለት ትልቅ ሱቅ እስክትደርስ ድረስ የተማረችውን ሁሉ እዚያ ሐብል ላይ ልታፈሰው ነበር። አልማዞቹን መስኮት ሥር ቆማ አንድ በአንድ መረጠች። ሠራተኞቿ አጠገቡ ሲያልፉ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር፤ ሐብሉን ፈርተው ሳይሆን እሷን።

ታዲያ አንድ ቀን ራት ቀርቦ ሳለ ልጅቷ ዱብ ዕዳውን አወረደችው።

«እማዬ፣ እንዳትቆጪ እሺ? የሠርጌን ሐብል ድንቢጥ ናት የምትሠራልኝ።»

ማዳም ክው አለች። «ድንቢጥ? የእኔዋ ድንቢጥ?»

«አሁን እኮ ያንቺ አይደለችም።»

ድንቢጥ ማዳም ዘንድ ለዓመታት የሠራች፣ ከቅጥነቷ የተነሳ ይህ ስም የወጣላት ልጅ ናት። ሞረድ እንዴት እንደሚያዝ፣ ወርቅ ከወርቅ እንዴት እንደሚበየድ፣ ሁሉንም ያሳየቻት ማዳም ነች። ከዚያ አንድ ጠዋት «እትዬ፣ እስቲ የራሴን ልሞክር» ብላ ወጣች፤ ታችኛው መንገድ ላይ በጫማ ጠጋኙና በፎቶ ቤቱ መሃል ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ «እጇ ወርቅ ነው» ይላል። ማዳም ይህን በሰማች ቁጥር ወሬ ትቀይራለች።

«የእኔ ሐብልስ?» አለች፣ ድምፅዋን እንደምንም ይዛ።

«ያንቺ በጣም ያንቺ ነው፣ እማዬ። ሳደርገው ሰው የሚያየው አንቺን ነው። በሠርጌ ቀን እንኳን እኔን ይዩኝ።»

አባት ነገሩን ያበረደ መስሎት «ሁለቱንም ታድርጋቸዋ! አንገቷ እንደሆነ ረጅም ነው» አለ። እናትና ልጅ እኩል ዞረው ሲያፈጡበት ወደ ሾርባው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ማዳም ሰላም አጣች። ሱቅ ውስጥ ያለ ወትሮዋ ዕቃ ይወድቅባት ጀመር። ደንበኛ ፊት ቁጭ ብላ ስለ ሰንፔር እያወራች ልቧ ታችኛው መንገድ ላይ ነው። ልጇ ለልኬት ስትሄድ ይታያታል፤ ድንቢጥ ጸጉሯን ወደ ጎን አድርጋ አንገቷን ስትለካ፣ ሁለቱ ሲሳሳቁ። ባሏን ከሌላ ሴት ጋር የያዘች ያህል ቆሽቷ ያርራል። «እኔ አምጬ ወልጄ፣ እኔ አስተምሬ!» ትላለች ለራሷ። ልጇንም የእጇን ሙያም ያው አንድ ሰው የወሰደባት መሰላት።

በመጨረሻ አላስችል ሲላት ዓይኗን በጨው አጥባ ሄደች።

ድንቢጥ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ተነሳች። «እትዬ! ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ? ቤቱን አስተካክል ነበር።»

«ቤትሽን ለማየት አይደለም የመጣሁት። የልጄን ሐብል አምጪው።»

ድንቢጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ማዳም አስቀያሚ እንዲሆን እየለመነች ነበር የመጣችው። አልሆነላትም። ቀጫጭን የወርቅ ቅጠሎች፣ በየመሃላቸው ጥቃቅን ሉል፤ ሲያነሱት ክብደት የለው። አንደኛዋ ቅጠል ጫፏ ላይ ዞር ያለችበትን አኳኋን ማዳም በወጣትነቷ ስትፈልገው ኖራ አጥታው የተወችው ነው። እዚች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ከጫማ ማጣበቂያው ሽታ ጋር፣ አገኘችው።

ከዚያ ገለበጠችው። የዚህ ሙያ ሰው እንደዚያ ነው፤ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ያያል። አጉሊ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ከቅጠል ወደ ቅጠል ሄደች። ንጹሕ ነው። መቆለፊያው ጋ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ብየዳው ከላይ ብቻ ነው የያዘው፤ ከውስጥ በኩል እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ትንሽ ከተሳበ ይለቃል።

ማዳም ወዲያው ታያት፦ ሙሽራዋ ስትጨፍር፣ ሐብሉ ተበጥሶ በሰው እግር መሃል ሲበተን፣ እንግዳው ሁሉ «የእናቷን ብታደርግ ኖሮ» ሲል። ምን ይደበቃል፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«እንዴት ነው እትዬ?» አለች ድንቢጥ፣ ጣቶቿን እያፍተለተለች።

ማዳም ሐብሉን ጨርቁ ላይ መለሰችው።

«ቆንጆ ነው» አለችና ወጣች።

የዚያን ዕለት ምሽት ልጅቷ ከውጭ ገብታ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ እናቷን ከኋላዋ አቀፈቻት። ጉንጯን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ከዚያ ሳይነግሯት ሰሃን ደረደረች፣ በአባቷ ቀልድ ከት ብላ ሳቀች። ማዳም ጉርሻዋን ሰሃኑ ላይ መለሰችው። ይቺን ልጅ ነው እንግዲህ በሰው ፊት ላዋርዳት የተዘጋጀሁት፣ እያለች ሆዷ ባባ። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ ሲነጋ የራሷን ሱቅ እንኳን ሳትከፍት ወደ ታችኛው መንገድ ወረደች።

ድንቢጥ መጋረጃውን ገና እየገለጠች ነበር።

«ስሚኝ» አለች ማዳም ቆማ። «መቆለፊያው… ብየዳው ከውስጥ አልያዘም። አይቼው ነበር።»

«አውቃለሁ እትዬ። ትናንት እንደ ወጡ አገኘሁትና ፈትቼ እንደገና በየድኩት።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ቆንጆ ነው አሉኛ!»

ማዳም አልገባትም።

«እርስዎ ጋ ስሠራ» አለች ድንቢጥ፣ ዓይኗን ከመጋረጃው ሳትነቅል፣ «አንድም ቀን ቆንጆ ብለውኝ አያውቁም። ሲበላሽ ይጮሁብኛል፤ ደህና ሲሆን ዝም ብለው ወደ ሳጥኑ ይከቱታል። ትናንት ቆንጆ ሲሉኝ ሆዴን በላኝ። የሆነ ነገር አይተዋል ብዬ እያንዳንዷን ብየዳ ፈተሽኩ።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ብትሰድባት ይሻል ነበር። ማዳም መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ በዚያ ላይ ልጇ ትዝ አለቻት።

«ለልጄ ነገርሻት?»

«ስለ መቆለፊያውማ ምን ብዬ እነግራታለሁ? እርስዎ ያሉትን ብቻ ነው የነገርኳት። ትናንት ከሥራ ስትወጣ ብቅ ብላ ‹እማዬ አየችው? ምን አለች?› ብላ ጠየቀችኝ። ቆንጆ ነው ብለዋል አልኳት።»

«እና?»

«አለቀሰች፣ እትዬ። በደስታ ነው። ‹እማዬ ይህን ስትል ሰምቻት አላውቅም። እኔን እንኳን ብላኝ አታውቅም› አለች። በሠርጓ ዕለት ሐብሉን አድርጋ ስትቆም፣ ምናልባት እሷንም ቆንጆ ይሏት እንደሆነ እየጠበቀች ነው።»

ማዳም «ውሸት ነው፣ ብያታለሁ» ልትል አፏን ከፈተች። በልቧ ወደ ኋላ ሄደች። «ቀሚሱ ሰፍቶሻል» ማለቷ ትዝ አላት። «ቀና በይ» ብላለች። «ጸጉርሽን ሰብስቢው፣ ጉትቻው አልታየም» ስንት ጊዜ ብላለች! ያቺን አንዲት ቃል ግን ብትፈልግ፣ ብትፈልግ አጣቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ የወጣችው ትናንት ነው፤ ለሰው ሥራ፣ ያውም ለክፋት።

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ድንቢጥ ውሃ ቀድታ አቀረበችላት፤ አልነካችውም።

«ብዙ አለቀሰች?» አለች ማዳም።

«ትንሽ ቆየች።»

«እንባዋን ማን ጠረገላት?»

«እኔ ነኛ፣ እትዬ። ማን ነበረ ሌላ?»

ማዳም የድንቢጥን እጅ አየችው። ሞረድ የቧጨረው፣ ጣቱ በብየዳ እሳት የጠቆረ እጅ ነው። በሠራው ሐብል ሁሉ ቀንታበታለች፤ እንደዚያን ጠዋት ግን ቀንታበት አታውቅም።