ሽቅብ ቁልቁል የት ነው የሚኖረው?

ሊፍት ጠጋኙን የሥራ ጓደኞቹ «ሽቅብ ቁልቁል» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም። ሚስቱና ልጁ ያሉት ከድንበሩ ወዲህ፣ እሱ የሚሠራው ከድንበሩ ወዲያ፤ ኑሮው አውቶቡስ ላይ ነው። ዘንድሮ ታዲያ ሁለቱም አገሮች «ነዋሪነትህ እኛ ዘንድ ነው» ብለው ያዙት። እዚያ ከደመወዙ የገቢ ግብር ቆርጠውበታል፤ እዚህ ደግሞ በዚያችው ደመወዝ ላይ እንደገና ክፈል አሉት። ለልጁ ትምህርት ቤት የተቀመጠችው ገንዘብ ሁለት ግብር አትችልም። መዳኛው አንድ ወረቀት ነው፤ ከወዲህ የነዋሪነት ማረጋገጫ ከወሰደላቸው የወዲያዎቹ የቆረጡትን ይመልሱለታል። ቀነ ገደቡ ደግሞ ዛሬ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ከመስኮት መስኮት ሲንከራተት ዋለ። አንዱ ከሰዓት ተመለስ ይለዋል፣ አንዷ ኮፒው አይነበብም ትለዋለች። መቀመጥማ የት አውቆበት። ወንበር ሲሰጡት እንኳ ጉልበቱ ይዘላል፤ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ የማዶው አለቃው ነው። ሊፍት ቆሟል፣ ቶሎ ድረስ ነው ነገሩ።

የመጨረሻው መስኮት ላይ ያለው የግብር ሠራተኛ ሻዩን በእርጋታ የሚያማስል ጎልማሳ ነበር። ወንበር ሰጠውና ለማስረጃ ያመጣቸውን የአውቶቡስ ትኬቶች ክምር አገላብጦ አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለው። «እዚህ ለመኖርህ ከቤትህ ሰው ምስክር እፈልጋለሁ።»

«ሚስቴ አለች። አሁኑኑ ልደውልላት» አለና ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እህቴ፣ ባለቤትዎ ከእርስዎ ጋር ነው የሚኖረው?» ሲል ጠየቀ ሠራተኛው።

ከስልኩ የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ብቻ ይሰማል። ሽቅብ ቁልቁል በገመድ ተንጠልጥሎ ሲሠራ እንኳ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ምን ነካት? አዎ ማለት ይህን ያህል ያስቸግራል እንዴ?

ውሃው ተዘጋ። «አዎ፣ እኔ ጋር ነው የሚኖረው» አለች።

ሠራተኛው ማህተሙን ማረጋገጫው ላይ አሳረፈ። ሽቅብ ቁልቁል እፎይ ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። «ተባረኪ፣ የኔ እመቤት። ተገላገልን።»

«ለወረቀቱ ብዬ ነው» አለችው ቀስ ብላ። «ትናንት አስተማሪዋ ልጁን ስለ አባትህ ንገረን ብትለው፣ ‹አንዳንዴ እኛ ቤት ይመጣል› አለ።»

ሠራተኛው ወረቀቱን በመስኮቱ አሾልኮ ሰጠው። ከበስተኋላው ያለው ተራ ጠባቂ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀኑን ሙሉ ሲዘል የዋለው ጉልበት ግን ቆሟል፤ ሽቅብ ቁልቁል ከወንበሩ መነሳት አቃተው።