ቋሚዎቹ ኮቶች

አዲሷ ጸሐፊ የመሥሪያ ቤቱን ኮቶች በሙሉ ላውንደሪ አስገባች፤ ያን ቀን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰው እንደሌለ ታወቀ።

ድርጅቱ ሊፍት ይጠግናል። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሕንፃው ሊፍት ግን ከቆመ ሰንብቷል፣ ሁሉም በእግሩ ነው የሚወጣው። አንዴ የወረደ ሰው መመለስ ዳገት የሚሆንበት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሠራተኛው ሁሉ ሁለት ሁለት ኮት አለው፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የወንበሩ። የወንበሩ ኮት ወደ ቤት አይሄድም፣ ዕረፍት አይወጣም፣ አይታመምም። ባለጉዳይ መጥቶ "የቴክኒክ ኃላፊው አሉ?" ሲል "አሉ፣ ኮታቸው ይኸው" ይባላል። ባለጉዳዩም ኮቱን እያየ ይጠብቃል።

አዲሷ ይህን አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ስለ ድርጅት ባህል ተምራ ጥሩ ውጤት አምጥታለች፤ ፈተናው ላይ ግን ስለ ኮት የጠየቃት አልነበረም። በገባች ሰሞን ግራ ቢገባት ሂሳብ ሹሟን ጠየቀቻት።

"እነዚህ ኮቶች ባለቤት የላቸውም እንዴ?"

ሂሳብ ሹሟ ቦርሳዋን አንግታ ደረጃው ጋ ደርሳ ነበር። "እነሱማ ቋሚ ናቸው፣ የኔ ልጅ። ሙከራ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ።" ብላ በራሷ ቀልድ እየሳቀች ወረደች።

እውነቷን ነው። የሙከራ ጊዜዋ ኮቶቹ በታጠቡበት ሳምንት ያበቃል። ሥራ አስኪያጁ ከፈረመላት ቋሚ ትሆናለች፣ ቋሚ ከሆነች ክፍል ትከራያለች። እስከዚያው የምትተኛው እህቷ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው፤ የእህቷ ባል ኳስ አይቶ እስኪጨርስ ደግሞ ሶፋው የሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጣቱን ጠረጴዛ ላይ አንሸራቶ አየው። "ስመለስ እዚህ ቢሮ ውስጥ አቧራ እንዳላይ!" ብሎ ወጣ። እሷም ከጠረጴዛው ጀመረች፣ መስኮቱን ወለወለች፣ ከዚያ የቴክኒክ ኃላፊውን ኮት በመዳፏ መታ ብታደርገው አቧራው ቡን ብሎ ዓይኗን አጠፋው። አስነጠሳት። ላውንደሪ ደወለች። ሰውየው በትልልቅ ከረጢት ሁሉንም ጠቅልሎ ወሰደ፤ የሥራ አስኪያጁንም ጭምር።

ከሰዓት በኋላ፣ የቦርድ ሰብሳቢዋን እግር ጣላት። ደረጃውን ወጥታ ስትገባ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ራቁታቸውን የተደረደሩትን ወንበሮች አየች።

"ሰዎቹ የታሉ? ባለፈው ስመጣ ሁሉም ነበሩ፤ ኮቶቻቸውን አይቻለሁ።"

"ኮቶቹ ላውንደሪ ናቸው።"

"ሰዎቹስ?"

"እሱን እኔም እያጠያየቅሁ ነው።"

ሰብሳቢዋ አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አየር ሳበች። "ሥራ አስኪያጅሽን ነገ ጠዋት እደውላለሁ በይው" አለችና እየተነፈሰች ወረደች።

በማግስቱ ተአምር ታየ፤ ወሬው ደርሶ ሁሉም በሰዓቱ ገባ። ቢሮው ይበርዳል፣ የወንበሩ ኮት የለም፣ የራሱንም "ሁለተኛውስ?" እንዳይባል ለብሶ የመጣ የለም፤ በሸሚዝ ተቀምጠው እጃቸውን ያፋትጋሉ። አዲሷን የሚያዩበት ዓይን ብቻ ይሞቅ ነበር። የላውንደሪው ሰው ኮቶቹን በላስቲክ ሸፍኖ አመጣና "የማነው ይሄ?" አለ።

ሁሉም ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። ኮቱ የኔ ነው ያለ ሰው ኮቱ ሲወሰድ የት እንደነበረ ሊጠየቅ ነው።

"ይሄ የእርስዎ አይደለም?" አለች አዲሷ ለቴክኒክ ኃላፊው።

"የኔማ ቡናማ ነበር።"

"ታጥቦ እኮ ነው ግራጫ የሆነው።"

"እንዲያውም ኮት ለብሼ አላውቅም!" አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ሂሳብ ሹሟ አላስቻላትም። "አንቺ ልጅ፣ ሰው በብርድ ትፈጂ?"

"ከኮቶቹ አንዱ የእርስዎ ነው እንዴ?"

"እኔ መቼ አልኩ!"

ሥራ አስኪያጁ ወደ ቢሮው ጠራት። ክንዱን ክንዱን እያሻሸ ነው። የቋሚነቷ ወረቀት ፊቱ ተዘርግቷል፣ እስክሪብቶው ተከፍቷል።

"ስሚ፣ ልጄ። ይሄ ቤት የራሱ ባህል አለው። ባህል ደግሞ ላውንደሪ አይገባም። አሁን ሴትዮዋ ስትደውል አንቺ ታነሺያለሽ። ሰው ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሮ ሁላችንም ልናወጣ ሄደን ነበር ትያታለሽ። ከዚያ እፈርማለሁ።"

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም።"

"ሂሳብ ሹሟም?"

ትንሽ አሰበ። "እሷ ታጽናና ነበር በያት።"

አዲሷ ሳቋን ዋጠችው። ማታ እህቷ ነገሩን ሰምታ "ምን አስነካሽ? አንገትሽን ደፍተሽ ያሉሽን ሁሉ እሺ በይ!" ብላት ነበር። እስክሪብቶውን አየችው። ክፍሏን አሰበች፤ መስኮት ያለው፣ ኳስ የሌለበት። አንዲት ውሸት ናት። ደግሞ የዛሬዋን ውሸት ለመጠበቅ ነገ ሌላ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ፤ ትንሽ ቆይቶ እሷም ወንበሯ ላይ የምታንጠለጥለው ኮት ልትገዛ ነው።

ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ በአገጩ "አንሺ" አላት።

"አቤት።"

"አንቺው ነሽ? ሰዎቹ ትናንት የት ነበሩ?"

"እኔ አላውቅም። ሥራ አስኪያጃችን ግን ታሪኩን አሁን እየነገሩኝ ነበር፤ ሊፍት አለበት፣ ማጽናናትም አለበት። ከራሳቸው አፍ ቢሰሙት ይሻላል።"

ስልኩን አቀበለችው። ሥራ አስኪያጁ አሁን አልበረደውም፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በአንድ እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ፣ በሌላው የእስክሪብቶውን ክዳን እያዳበሰ ፈለገና ሳይፈርም ገጠመው። "አ... አቤት... አዎ፣ ማጽናናት፣ እሱ..." ሲል አዲሷ ወጥታ በሩን ዘጋችው።