ኮሌታ ብቻ

ጀማነሽ የሸሚዝ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ የስፌት መኪና አልተነሳችም። ከተዘጋ ስምንት ወሩ ነው። ዛሬ ቂርቆስ አጥር ሥር ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ጎይቶም ሊፈትኗት ስለጠሯት፣ ለልጇ ለአርያም «ሥራ ይዤ ነው የምመለሰው» ብላ ወጣች።

ጋሽ ጎይቶም ተቆርጦ ገና ያልተሰፋ ሸሚዝ ሰጧት። ኮሌታውን ወዲያው ሰፍታ አቀበለቻቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አገላበጡት።

«እጅሽ ይባረክ። እኔም እንዲህ አይወጣልኝ። በይ እጅጌውን ግጠሚው።»

ጀማነሽ እጅጌውን አንስታ አዟዙራ አየችው፤ የቱ በፊት፣ የቱ በኋላ እንደሚሆን ጠፋት።

«እኛ ጋ እጅጌ የሌላ ሰው ሥራ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ኮሌታ ላይ ብቻ ነበርኩ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ሊስቁ ጀምረው ተዉት። «ልጄ፣ ኮሌታ ብቻ ለብሶ የሚሄድ ሰው የለም እኮ። እንዳላስተምርሽ ጊዜ የለኝም፤ አትቀየሚኝ።»

ቤት ስትደርስ አርያም ከነዩኒፎርሟ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«እማ፣ ምን አሉሽ?»

ጀማነሽ የልጇን አንገት አየች።

«ኮሌታሽ ተበልቷል» አለች መርፌ እየፈለገች። «ሸሚዙን አውልቂና ኮሌታውን ገልብጬ ልስፋልሽ።»