ቤታችን በር አለው

«መንገድ ላይ አልነበርኩም» አለች ቃሪያ፣ ክንዶቿን አጣምራ። «ቤታችን በር አለው።»

የማዕከሉ አስተባባሪ ግንባሩን በመሀረብ ጠረገ። «አውቃለሁ የኔ ልጅ። እንዲያው አባባል ነው። ዛሬ ለሚመጡት እንግዶች ‹ይህ ማዕከል ባይኖር መንገድ ላይ እወድቅ ነበር› ብትይ ምን ይጎድልብሻል?»

ልጆቹ ቃሪያ ያሏት ምላሷ ስለሚያቃጥል ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደዚህ ትመጣለች፤ የሰፈሩ ሰዎች የችግረኛ ልጆች እንዲያጠኑበት ተረባርበው ወደ ከፈቱት ማዕከል። ማዕከል ይባል እንጂ አንድ ክፍል ነው፣ ቀድሞ የጣውላ መጋዘን የነበረ። መምህርቷ ጥግ ላይ ቆማ ትሰማለች። ጠዋት ሌላ ትምህርት ቤት አስተምራ ነው የመጣችው፤ እግሯ አብጦ ጫማዋ ጠቧታል፣ ድምጿም ተዘግቷል።

«ሌላ ልጅ ብትመርጥስ?» አለች በቀስታ።

«ማንን? የሌሎቹ አባቶች በሕይወት አሉ።» ወዲያው በተናገረው አፈረ። «እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለሽ? እንግዶቹ የሚሰጡት ከቀረ ክፍሉን በምን እንይዘዋለን? እነሱ ደግሞ አንጀት የሚበላ ነገር ካልሰሙ እጃቸው አይፈታም።»

እውነቱን ነው። ክርክር ጉልበት ይፈልጋል፤ መምህርቷ ያላትን ጉልበት ጠዋት ጨርሳዋለች።

ትንሽ ነፋስ ልትቀበል ስትወጣ የቃሪያን እናት በሩ ላይ አገኘቻት። ሴትዮዋ በየሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፤ ዛሬ ግን ሥራዋን ትታ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ለሰርግ ብቻ የምታወጣውን ቀሚስ ለብሳ መጥታለች። በረኪና የላጠውን እጇን ሻርፗ ውስጥ ደበቀች።

«እንግዳ ፊት ትናገራለች አሉኝ» አለች እየተሽኮረመመች። «አንደኛ ስለወጣች ነው አይደል፣ መምህር?»

መምህርቷ ልጅቷ እንድትናገር የታዘዘችውን አሰበች። እናት ፊት ለፊት ተቀምጣ ልትሰማው ነው፤ ልጇን እሷ እንዳላሳደገቻት፣ ከመንገድ ላይ ሌሎች እንዳነሱላት።

«አዎ» አለቻት። «አንደኛ ስለወጣች ነው።»

እንግዶቹ ገብተው ተቀመጡ፤ አንደኛው ካሜራውን ደገነ። አስተባባሪው ቃሪያን በዓይኑ ጠቀሳት። ልጅቷ ተነሳች፤ እናቷን አየች፤ ያ የሚያቃጥል ምላስ ተሳሰረ።

«ዛሬ ንግግር የለንም» አለች መምህርቷ፣ በተዘጋው ድምጿ። ጠመኔ አንስታ ለልጅቷ ሰጠቻት። «ትናንት ለትንንሾቹ የጀመርሽላቸውን ክፍልፋይ ጨርሺላቸው።»

ቃሪያ መጀመሪያ ተንተባተበች። ከዚያ ከትንንሾቹ አንዱ ሲሳሳት፣ «አንተ፣ ግማሽ ከሩብ ያንሳል? እስቲ ዳቦ ሲሆን ንገረኝ!» አለችው። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እናቷ የተጻፈው ባይገባትም ዓይኗን ከሰሌዳው አልነቀለችም። ባለካሜራው ጥቂት ጠበቀና ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰ። እንግዶቹ «በጣም ጥሩ ነው» ብለው ቶሎ ተነሱ። ስለ እርዳታው ትንፍሽ ያለ የለም።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን አስተባባሪው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ጉድ ሠራሽን።»

«አውቃለሁ።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ይመጣሉ። የሚፈልጉት ያው ይሄንኑ ነው። ማንን እናቁምላቸው?»

መምህርቷ ጫማዋን አውልቃ ቁርጭምጭሚቷን አሸች። ቤት ያልተሠራ ራት፣ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ይጠብቃታል።

«እኔ እቆማለሁ» አለች። «ቀኑን ሙሉ ቆሜ እያስተማርኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ የቤት ኪራይ ከእህቴ እንደምለምን እነግራቸዋለሁ። አንጀት የሚበላ ከፈለጉ የእኔም ይበላል።»

አስተባባሪው ቀልድ መስሎት ሊስቅ አፉን ከፈተ። ፊቷን ሲያይ ተወው።