ቸርኬው ያለ ሰዓቱ ሲመታ

ውባንች ውሃ የሞላውን ጠርሙስ ሮዳስ ፊት አስቀምጣ መቁጠር ጀመረች። አንድ። ሁለት። ከሐምሌ ጀምሮ በየቀኑ እንዲህ ትቆጥራለች፤ አሁን ጥቅምት ተጋምሷል። መጀመሪያ ሰሞን አምስት ላይ ስትደርስ ልቧ ይመታ ነበር። አሁን ሽሮ እንደማማሰል ሆኖባታል፤ እጇ ይሠራል እንጂ እሷ የለችበትም።

ልጇ ሮዳስ ሰባት ዓመቷ ነው። አትናገርም። ስሟን ሲጠሯት አትዞርም፤ የትራክተር ጎማ ሲዞር ግን ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ክረምት ላይ ውባንች ጎንደር ስትወስዳት፣ ሠላማዊት የምትባል የንግግር ሕክምና ባለሙያ አይታት ነበር። ሠላማዊት ውጭ አገር የተማረች ናት፤ ሁለቴ ሳታስብ አትናገርም።

«ኦቲዝም ነው» አለቻት። «ቃል አትጠብቂ። ቃል ኋላ ይመጣል፣ ላይመጣም ይችላል። መጀመሪያ ማወቅ ያለባት አንድ ነገር ስታደርግ ሌላ ሰው እንደሚሰማት ነው። የምትፈልገውን አሳያትና እስከ አሥር ቁጠሪ። በእጇም ሆነ በዓይኗ ከጠየቀችሽ ወዲያው ስጫት። ባትጠይቅም አሥር ላይ ስጫት፤ በጥም አንቀጣትም። ጠይቃ ካጣች ግን ዳግመኛ ላትጠይቅ ትችላለች።»

የሥዕል ካርዶችም ጨምራላት ነበር። ውሃ የተባለው ሥዕል በረዶ የተንሳፈፈበት ብርጭቆ ነው። ሮዳስ ጥጉን በልታዋለች።

ያሉበት የሠራተኞች ካምቦ ከሽንፋ ከተማ ወዲያ፣ ስልክ የማይሠራበት የሰሊጥ እርሻ ውስጥ ነው። ውባንች ለሰማንያ አጫጅ ታበስላለች። ከማብሰያው ዳስ አጠገብ ባለው ግራር ላይ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል። ምሳ ሲደርስ በብረት ዘንግ ትመታዋለች፤ ሰዎቹ ማጭዳቸውን ጥለው ይመጣሉ፣ የውሃው በርሜል ይከፈታል። ሮዳስ ይህን በየቀኑ ታያለች።

ስድስት። ሰባት። ሮዳስ ተነሥታ ሄደች። ውባንች የለመደችው ነውና መቁጠሯን አላቋረጠችም። ዘጠኝ ስትል ቸርኬው ጮኸ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሮዳስ ዘንጉን ጥላ ተመለሰችና ጠርሙሱን እያየች ቆመች።

ውባንች በርሜሉን አየች። ጠርሙሱን አየች። ከፍታ ሰጠቻት።

ልጅቷ ጠጥታ ሳትጨርስ ሰዎቹ ከማሳው ደረሱ። ከፊት የመጣው እንግዳው የሚባለው የጎጃም ሰው ነው።

«ምነው እቴ፣ ዛሬ ምሳውን በጧት አደረግሽው?»

«ሽሮው ገና አልፈላም።»

«ታዲያ ማን ጠራን?»

በአገጯ ወደ ሮዳስ አመለከተች። ሰዎቹ ተሳሳቁ።

«በሉ፣ አለቃ አገኘን!» አለ እንግዳው። «ከወኪሉ ከዘመነ እሷ ትሻለናለች። እሱ እንኳን ቸርኬ ሊመታ፣ ፀሐይቱንም ቢያቆማት ይወዳል።»

የእርሻው ወኪል ዘመነ በሞተር ብስክሌቱ አቧራ አስነሥቶ ሲደርስ ሳቁ ቆመ።

«ያላ! ወደ ሥራ! ሰሊጡ አፉን ከፍቶ እናንተ እዚህ ታወራላችሁ? ዛሬ ካልታጨደ መሬት ላይ ነው የሚፈሰው!» ሰዎቹ ሲበተኑ ወደ ውባንች ዞረ። «ይች ልጅ ሰማንያ ሰው ከማሳ አስወጣች።»

«ውሃ ጠይቃ ነው፣ ጋሼ።»

«ምን ብላ?»

«ምንም አላለችም። ጠየቀች።»

«ሳይናገሩ እንዴት ነው የሚጠየቀው?»

ዘመነ ከሞተሩ ኋላ አንድ ጥቅል ገመድ ፈታና እግሯ ሥር ጣለው።

«ከሽንፋ ስመለስ ታስራ ላግኛት። አለዚያ ነገ በሚወጣው መኪና ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። ክፉ ሆኜ አይምሰልሽ፤ ትራክተር ቢደፈጥጣት ማን ይጠየቃል?»

እንግዳውን ጠርቶ ልጅቷ እንዳትደርስበት ቸርኬውን ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ አሰቀለውና ሄደ።

አምና ውባንች ራሷ አስራት ታውቃለች። ያኔ ቋጠሮውን ስታጠብቅ እሷ አልቅሳለች፤ ሮዳስ አላለቀሰችም። የዚያ ገመድ ምልክት ዛሬም የልጅቷ ቁርጭምጭሚት ላይ አለ። አሁን ገመዱን አንሥታ በእጇ መዘነችው። ገመድ ነው። ሌላ ምንም አልተሰማትም።

ሰዎቹ ምሳ በልተው ወደ ማሳው ሲመለሱ፣ ፀሐይዋ በከረረችበት ሰዓት ሮዳስ ወደ ግራሩ ሄደች። እጇን ዘረጋች። አልደረሰችም። እንደዘረጋች ብዙ ቆየች፤ ከዚያ መጥታ ፊቷን ወደ ዳሱ ምሰሶ አዙራ ተቀመጠች። ውባንች ጠርሙሱን አቅርባ እስከ አሥር ቆጠረች። ምንም የለም። ሰጠቻት። እንደገና ቆጠረች። ሮዳስ ዓይኗን እንኳ አላነሣችም።

ሠላማዊት ጠይቃ ካጣች ያለቻት ይህን ነው።

ውባንች የአሮጌውን ድስት ክዳን ከዕቃው ሥር አወጣች። በገመዱ ምሰሶው ላይ፣ በልጅቷ ደረት ልክ አሰረችው። በጭልፋ አንዴ መታ አደረገችና ጠርሙሱን ከፍታ ለራሷ ተጎነጨች። ጠርሙሱን አስቀምጣ ቆጠረች። አሥር። ሰጠቻት። እንደገና አሥር። በሦስተኛው፣ ሰባት ስትል፣ ሮዳስ እጇን ሰደደችና ክዳኑን በጥፍሯ ጫረችው። ከዳሱ የማይወጣ ድምፅ ነው። ከዚያ ጠርሙሱን አየች።

ውባንች ውሃውን ሰጥታት ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች። ለዚህ ቀን ስንቴ ተስላለች። አልመጣም። ድስቱ ላይ የደረቀውን ሽሮ መፋቅ ጀመረች።

ዘመነ ሲመለስ ሞተሩን ሳያጠፋ ገመዱን አየው።

«ልጅቷን እሰሪ አልኩሽ እንጂ ክዳን እሰሪ አልኩሽ?»

«ልጅቷን አላስርም፣ ጋሼ።»

ድምፅዋ አልተለወጠም። ሽሮው ጨው አንሶታል ያለችው ይመስል ነበር። ዘመነ ሌላ ነገር እንድትል የጠበቀ መሰለ።

«መኪናው የሚወጣው በጧት ነው» አለ።

«እሺ።»

ከኋላዋ ክዳኑ ተጫረ። ውባንች ዘመነን እንደቆመ ትታው ዞረች። አልቆጠረችም። ጠርሙሱን ከፈተች።